በእንግዳዋ ክንድ የተለኩት ባናዎች

ባለፈው ቅዳሜ የበግ ጠጉር ልገዛ ፍላቂት ሄጄ ነበር። ገበያው መሀል አንድ ወጣት ነጋዴ የፋብሪካ ብርድ ልብሶች ሸራ ላይ ዘርግቶ ይጣራል። ከመካከላቸው አንዱ ዓይኔን ያዘው። መደቡ ቡናማ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ሦስት ሦስት ጥቁር መስመር አለው፤ የመሀለኛው መስመር ከሁለቱ ይቀጥናል። ጠጋ ብዬ ዳሰስኩት። የላስታ ባና እንደሆነ፣ ግን እንደ ድሮው እንደማይከብድና እንደማይኮሰኩስ አስረዳኝ። ከየት እንደመጣ ብጠይቀው ከቻይና ነው አለኝ፣ ያለ ምንም ሐፍረት። ያን ቀጭን መስመር የጀመሩት አባቴ ናቸው። ዕድሜዬን በሙሉ ባና ስሠራ የኖርኩትን ሴትዮ ባና ምን እንደሆነ ሲያስተምረኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ግን ተናደድኩ። በዚያ ንዴት ውስጥ ሆኜ ነው የአሥራ ዘጠኝ ዓመቴን የገና በዓል ያስታወስኩት።

ባና ለማያውቅ ሰው፣ ከበግ ጠጉር የሚሸመን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ከዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ጥቅጥቅ እስኪል በእግር ይረገጣል። አዲስ ሲሆን የእርጥብ በግ ሽታ አለው፤ ሽታው አንድ ክረምት ሙሉ አይለቅም። እኔ እወደዋለሁ። የማይወዱትንም አልቀየማቸውም።

አባቴን አገሩ ሁሉ ጋሽ መንግሥቴ ነበር የሚላቸው። ከአሸተን ማርያም በላይ ባለው ደጋ፣ ቤታችን ጥግ በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰደው ሲሸምኑ እያየሁ ነው ያደግሁት። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ከእናቴ ጋር ስፈትል በነበረበት ጊዜ ግን ገበያው ተገለበጠ። ከባሕር ማዶ የነብር ስዕል ያለበት ብርድ ልብስ መጣና በአንድ ዓመት ውስጥ ነብር ያልተኛበት የሙሽራ አልጋ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ብርድ ልብሱ ጥሩ ነበር፤ ይሞቃል፣ ታጥቦ በግማሽ ቀን ይደርቃል፣ ዋጋውም አይጎዳም። እናቴ ራሷ አንዱን ገዝታ አባቴ እንዳያዩባት ጎተራ ውስጥ ደብቃው ነበር። አባቴ እስከ ገና ገዢ ካልመጣ ጉድጓዱን ደፍነው ለቀን ሥራ ወልድያ ሊወርዱ ቆረጡ። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ጉድጓዱን የደፈነ ሸማኔ ተመልሶ ሲቆፍር ደግሞ አይቼ አላውቅም።

መስከረም ላይ፣ ገብሱ እሸት ሲይዝ፣ ደሳለኝ የሚባል የላሊበላ አስጎብኚ አንዲት ፈረንጅ ይዞ ቤታችን መጣ። ሴትዮዋ ሆቴል ውስጥ የአባቴን ባና ለብሳ ተኝታ ኖሯል። በአገሯ ሱቅ አላት፤ ሃያ ባና ትፈልጋለች፤ ሁሉም እኩል ይሁን፣ ለገና መጥቼ እረከባለሁ አለች። ጠላውን ቀመስ አድርጋ ተወችው፤ የገብሱን ቆሎ ግን እስከ መጨረሻው ጨረሰችው። ያን ቀን የአባቴ ፊት እንዴት እንደበራ ዛሬም ይታየኛል።

በእኛ አገር ባና የሚለካው በክንድ ነው፤ ክንዱም የገዢው ነው፣ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ። ለዚህ ነው ብልጥ ገዢ ረጅም ዘመዱን አስከትሎ የሚመጣው። አባቴም ነገሩን እያወቁ፣ የመጣውን ክንድ ዝም ብለው ይለካሉ። በዚያም ቀን ሲባጎ አወጡና የሴትዮዋን ክንድ ለኩ። እሷ ትስቃለች፣ ደሳለኝ ፎቶ ያነሳል። ስትሄድ ትታልን የሄደችው ወረቀት ላይ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሃያ ይላል። ከቤቱ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ሜትር ሁለት ክንድ ያህል ነው ያለን መምህራችን ትዝ አለኝና፣ ደረቴን ነፍቼ "አራት ክንድ ተኩል ነው" አልኩ። የማን ክንድ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ሴትዮዋ ደግሞ አጭር ናት፤ ክንዷ ከእኔም ያጥር ነበር።

ሦስት ወር ሠራን። ጎረቤቶቻችን የበጎቻቸውን ጠጉር አምጥተው ሰጡን። እኔና እናቴ አውራ ጣታችን እስኪሰነጠቅ ፈተልን፤ አባቴ ከጉድጓዱ የሚወጡት ለምሳና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር።

በገና ሳምንት ሃያውን ባና በሁለት አህያ ጭነን ወደ ላሊበላ ወረድን። መንገዱ በተጓዥ ምእመን ነጭ ሆኗል፤ ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነው። ሆቴሉ ስንደርስ ሴትዮዋ አንዱን ባና አልጋዋ ላይ ዘረጋችው፣ ደባበሰችው፣ ደስ አላት። እስከ ትራሱ ስትስበው ግን የአልጋው ግርጌ ባዶ ቀረ። ሁለተኛውን ዘረጋች፤ ሦስተኛውን ዘረጋች። ከዚያ ከሻንጣዋ ሜትር አውጥታ ለካች። ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ፣ ሁሉም አጭር እንደሆነና ለሱቅ እንደማይሆናት ነገረን።

አባቴ ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ሲባጎ ፈቱና ክንዷ ላይ አጋደሙት። ልክክ አለ።

"በእርስዎ ክንድ ነው የሠራሁት" አሏት። "አንዲት ጣት አላጎደልኩም።"

ደሳለኝ ሲተረጉምላት ፊቷ ቀላ። ጨዋታ መስሏት እንደነበር ነገረችን። ሁለቱን ለራሷ ገዛች፤ አሥራ ስምንቱን መውሰድ አልቻለችም። አንዳችን ሌላችንን አላታለልንም። እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይኸው ነው፤ የምንጣላው ሰው እንኳ አልነበረንም።

ውጭ ስንወጣ አባቴ አህያዎቹን ወደ ቤት አቅጣጫ አዞሯቸው። "ስንደርስ ጉድጓዱን እደፍነዋለሁ" አሉ።

"አይደፍኑትም፣ አባየ።" በዕድሜዬ ቃላቸውን ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር። "ጥፋቱ የእኔ ነው። እስከ ገና ይታገሡኝ።"

ምን እንደማደርግ ገና አላወቅሁም ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ ሳይ፣ ከቆቦ ቆላ ተነስተው በእግር የመጡ ምእመናን በስስ ነጠላ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ። አንዱን ባና አውርጄ ከፊትና ከኋላ እንዲወርድ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁት። ጉልበቴ ድረስ ወርዶ ቆመ። ሙሉ ባና ቢሆን ከዚያ ወርዶ እርምጃ ያሰናክል ነበር፤ ይህ ግን ለሚሄድ ሰው ልኩ ነው። አባቴ ጎዶሎ ዕቃ ለእግዜር እንግዳ አልሸጥም ብለው አሻፈረኝ አሉ። እኔም አጭር መሆኑን ሳልናገር አንድም አልሸጥም ብዬ ማልኩላቸው።

እንዳልኩትም አደረግሁ። "ለአልጋ ያጥራል፣ ለትከሻ ልክ ነው" እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ ቆምኩ። መጀመሪያ የገዙኝ አንዲት የቆቦ አሮጊት ናቸው፤ ገልብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ ተከራከሩኝ፣ ሄዱ፣ ተመልሰው መጡ። ከእሳቸው በኋላ መንደራቸው ሁሉ መጣ። የገና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ የመጨረሻው ባና ተሸጠ። ድምፄ ከመዘጋቱ የተነሳ አባቴን የጠራኋቸው በእጄ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሦስቱንም ቀን ሲያዩኝ ከርመዋል።

"ሜትር የሚሉት ነገር የት ነው የሚሸጠው?" አሉኝ።

ገዝተን ሄድን። በማግስቱ የመሸመኛቸው እንጨት ላይ በቢላ ምልክት አደረጉበት። ሴትዮዋ እንደገና አዝዛን በዓመቱ መጣች፤ አዲሶቹ ሃያ ባናዎች ልክ ሆነውላት ወሰደች። ከእሷ በኋላ ሌሎች መጡ። ቤቴን የሠራሁት፣ ልጆቼን ያስተማርኩት በዚያ ንግድ ነውና አልክደውም። አባቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ ሜትሩን በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም። የማንም ክንድ አይደለም ይሉ ነበር።

ዛሬ ዘጠኝ ሸማኔዎች አብረውኝ ይሠራሉ። በሽታው መጥቶ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ መጥቶ መንገዱ ሲዘጋ ከውጭ አንድም ትእዛዝ አልመጣም። ያን ጊዜ ያኖረን ረጅም ዘመዱን አስከትሎ የሚመጣው ያገሬ ሰው ነው። አሁን ደግሞ መስመራችንን ፋብሪካ ወስዶታል። ተናድጃለሁ፣ ግን አልፈራሁም፤ መስመሩን እንጂ ጠጉሩን፣ ርግጫውንና ሽታውን አልወሰደም። በገበያው ላይም አልፈርድም፤ አንድ በር ሲዘጋብኝ ሌላ በር የከፈተልኝ ያው ገበያ ነው። ሁለቱንም በር ይዤ መቆም ግን የእኔ ሥራ ነው።

ባለፈው ወር ከውጭ አንድ ትልቅ ገዢ በስልክ ጻፈልኝ። ዘጠኙም ሸማኔዎች ዓመቱን ሙሉ ለእሱ ብቻ እንዲሠሩለት ይፈልጋል። ጥሩ ዋጋ ነው ያቀረበው፤ ልጄም ተቀበይ ብላኝ ነበር። አምስቱ ይሠሩልሃል፣ አራቱን አልሰጥህም፤ ከኅዳር እስከ ገና ደግሞ አንዱንም አልሰጥህም አልኩት። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

በእነዚያ ወራት እዚህ ሰው ይበርደዋል ብዬ መለስኩለት።