የመቶ ከመቶው ጤና ጣቢያ

ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን ዕድሜዬ ዛሬውኑ ይጠር! ከሚሴ ተቀምጬ ለጤና ባለሙያዎች በኢንተርኔት የሚሰጠውን የመድኃኒት አስተዛዘዝ ጥንቃቄ ሥልጠና አስተባብር ነበር። ጨፋ ሸለቆ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ አሥራ አንዱም ባለሙያዎች በማጠቃለያ ፈተናው መቶ ከመቶ አመጡ። እኔም ምስክር ወረቀታቸውን ይዤ እየተንጠባረርኩ ሄድኩላቸው።

መንገዱ ጉልበቴን ፈጅቶት ስለነበር እያነከስኩ ገባሁ። ኃላፊው ጤና መኮንን «አብሽር ጋሼ» ብሎ የማስታገሻ መርፌ አዘዘልኝ። ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ ክንዴን ስትይዝ፣ ከመምህርነት ጡረታ ወጥቶ እዚያው ዘበኛ የሆነው አያ ሰይድ ዱላውን እንደያዘ ሰተት ብሎ ገባ።

«ቆይ! ኦቦ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለህ?»

«ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ!»

«ኩላሊትህስ ደህና ነው?»

«እሱም ያመኛል።»

ወደ ኃላፊው ዞረ። «አንተ ልጅ፣ ወላሂ ልትገድለው ነው! ይሄ መርፌ ግፊትና ኩላሊት ላለበት ሰው አይሰጥም፤ የፈተናው ጥያቄ ሰባት ላይ ያለው እኮ ይኸው ነው!»

ኃላፊው መርፌውን ከነርሷ እጅ ቀማት።

«ጥያቄውን አንተ ከየት አወቅከው?» አልኩት ዘበኛውን።

«ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው። እነሱ በሽተኛ በዛብን እያሉ ስልካቸውን ሰብስበው ለኔ ይሰጡኛል። አሥራ አንድ ጊዜ ተምሬ አሥራ አንድ ጊዜ ተፈትኜ እንዴት ልርሳው?»

ደሜ ፈላ። አሥራ አንዱንም ምስክር ወረቀት እዚያው ፊታቸው ብጭቅጭቅ አደረግኩት።

እሺ፣ ይቺን የመጨረሻዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት። አንድ በአንድ አድዬ፣ ጨብጫቸው፣ አብሬያቸው ፎቶ ተነሥቼ ነው የተመለስኩት።