አንድ ዙር ለፊልም

እኅቴ አስቴር ትባል ነበር። እናቴ ወርቅነሽ፣ አጎቴ ደግሞ አቶ ጳውሎስ ይባሉ ነበር። የፓይለቱንና የካሜራማኑን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትናንት አማን ከተማ ውስጥ፣ በጎረቤቴ ልጅ ሰርግ ላይ፣ ድሮን አናታችን ላይ እያንዣበበ ሲቀርጸን ሰው ሁሉ እጁን አውለበለበለት። እኔ ድምፁን መታገሥ አቅቶኝ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ልጅ ሳለሁ በመንደራችን በቱም፣ ሜዳው ላይ ፊልም የምታነሣ ትንሽ አውሮፕላን አረፈች። ቤንዚንና የተጨፈለቀ ሣር ሸተተን። በሯ ተነቅሏል፤ በመቀመጫው ቦታ ካሜራ ታስሯል። አስቴር በወባ ራሷን ስታ ስለነበር እናቴ አዝላት ወደ ሜዳው ሮጣ "ሆስፒታል ውሰዱልኝ" ብላ ለመነች።

ፓይለቱ፣ "ካሜራውን እናውርድና ሚዛን ሆስፒታል ላድርሳት" አለ።

ካሜራማኑ ግን ወደ ፀሐይዋ ቀና ብሎ፣ "ጫካው በጥቁርና ነጭ ፊልም የሚያምረው ጥላው ሲረዝም ነው። ብርሃኑ ሊያመልጠኝ ነው፤ አንድ ዙር ብቻ!" አለ።

"ጌታዬ፣ ፀሐይማ ነገም ትወጣለች" አሉ አጎቴ። "ይቺን ልጅ ግን ነገ እናገኛታለን?"

"አሁን እንመለሳለን፣ አባቴ" አለ ካሜራማኑ።

ዞረው ሲመለሱ ደመናው የሚዛንን ሰማይ ዘግቶት ነበር፤ ወደዚያ መብረር አልተቻለም። አስቴር ሳይነጋ አረፈች።

ልጆቼ፣ ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። ሥራ መውደድም ከሰው ሲቀድም ይገድላል። ፊልሙን አየሁ ያለን ሰው እስካሁን የለም።

እናቴ ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም ለምና አታውቅም። ራሷ ስትታመም እንኳ "ሆስፒታል ውሰዱኝ" ሳትለን ሞተች። ስለዚህ ያቺ አንድ ዙር ምን አስከፈለቻችሁ ብትሉኝ፣ ሁለት ሰው እላለሁ።