ኮርኒሱ ላይ የሚንጎራደደው አባቴ

እናቴ ወይዘሮ አሰገደች ፈሪ ናት። ሐሜት አይደለም፤ ሰፈራችን ሄርማታ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ ይመሰክራል። መብረቅ ትፈራለች፣ ስልክ ሲጮህ ትፈራለች። ባጃጅ ከተማውን በሞላበት ሰሞን ደግሞ "በሦስት እግሩ ምን ይዞት ይቆማል?" እያለች እስከ ከተማችን መርካቶ ድረስ በእግሯ ትሄድ ነበር። በሕይወቷ ያልፈራችው ሰው ቢኖር አባቴ ሣህሉ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ሌላው ሰው ሁሉ ይፈራው ነበር።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ኮርኒሳችን ላይ የሚሄድ ነገር መጣ። ገና ሲነጋጋ ይጀምራል፤ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ። ቆም ይላል፣ የሆነ ነገር ያንከባልላል፣ ደግሞ ይሮጣል። ኮርኒሱ አቡጀዲ ስለሆነ ጨርቁ ሲረገጥ ወደ ታች እብጥ ሲል በዓይናችን እናየዋለን። እኔ ኮሌጅ የጨረስኩት ሴትዮ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተደበቅኩ።

"አባትሽ ነው" አለች እናቴ። "ሲናደድ እንዲህ ነበር የሚንጎራደደው።"

"እማዬ፣ አባዬ እኮ ሰማንያ ኪሎ ነበር። ይሄ ሩጫ ነው!"

"ነፍስ ኪሎ አላት እንዴ? ዝም በይ!"

እሷ ግን ያናደደውንም ነገር ደረሰችበት፤ እኔ ነኝ። መሳይ የሚባል የሊሙ ገነት ልጅ ሊያገባኝ ሽማግሌ ሊልክ ተዘጋጅቷል። ስሙ በተነሳ ቁጥር ከላይ ጠረረረ!

"ሰማሽ? አልተስማማም" ትለኛለች ፊቷ አመድ መስሎ። ስሙ ባይነሳም ይሮጣል ብላት ማን ሊሰማኝ! አባትሽ ያልፈቀደውን እኔ አልሰጥም አለች፤ አለቀ። መሳይን ላጣው ነው።

ሰው ወጥቶ ይየው ብላት "ሙት ልትደፍሪ?" ብላ ጮኸችብኝ። እሷ ግን በየማለዳው ጠበል በጣሳ ይዛ ወንበር ላይ ትወጣና "ሣህሉዬ፣ ተረጋጋ" እያለች ወደ ላይ ትረጫለች። ከዚያ ታወራዋለች፤ የዕድሩን ወሬ፣ የጉልበቷን ሕመም፣ የቡናውን መብሰል። ጠበሉ ሲደርስበት ጸጥ ስለሚል "ሰማኝ" ትላለች። ጎረቤታችን ሐጂራ ደግሞ "ያ ረቢ! ይሄ ጂኒ ነው፣ አሴ" ብላ ቁርአን የተቀራበት ውሃ በጆግ አመጣች። እሱም ወደ ላይ ተረጨ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቀትር በፊት ሦስት ሆነው መጡ። መሪያቸው አቶ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። ጉዳዩ እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥምና እንደ ደንቡ ሳሎኑ መሃል ቆሙ። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ትንፋሼን ይዣለሁ።

"ልጅዎን ትህትናን ለልጃችን ለመሳይ..." ከማለታቸው ከላይ ጠረረረ!

ሦስቱም ቀና አሉ። እናቴ ከንፈሯ ደርቆ "ባለቤቴ ነው" አለች።

ሦስቱም የአባቴ ቀብር ላይ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ማማተብ ጀመሩ፤ ሌላኛው በሩን በዓይናቸው ፈለጉ። አለቀልኝ አልኩ። ሙት የሚመላለስበት ቤት ተብሎ ሊሙ ድረስ ሲወራ ታየኝ። ከእንግዲህ ማን ያገባኛል?

ኮርኒሱ የለቀቀው ይሄኔ ነው። ያ ሁሉ ጠበልና የሐጂራ ውሃ አበስብሶት ኖሮ ጨርቁ መሃሉ ላይ ቷ ብሎ ተቀደደ። ጭድ፣ የደረቀ ቅጠልና ሐጂራ ደጃፏ አስጥታው ሲያንስባት የከረመው ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና በአቶ ሀብተጊዮርጊስ ራስ ላይ ተዘረገፈ። በላዩ ሁለት ሽኮኮዎች፣ ጭራቸውን እንደ መጥረጊያ ነፍተው! አንዷ ጋቢያቸው ውስጥ ገባች።

"ኡኡ! በሥላሴ!" አቶ ሀብተጊዮርጊስ በዚያ ዕድሜያቸው ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደወጡ እግዜር ይወቀው። ሐጂራ ጩኸቱን ሰምታ "ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?" እያለች ሮጣ ገባችና ወለሉን ስታይ "ቡናዬ!" አለች። ሽኮኮዎቹ በመስኮት ዘለው ደጅ ያለው አቮካዶ ዛፍ ላይ ወጡ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ፤ ሽማግሌዎቹም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። በቀዳዳው ወደ ቆርቆሮው አንጋጣ ቀረች።

"እሱ አልነበረም?" አለች። "በየጠዋቱ የማወራው ታዲያ... ለሽኮኮ ነው?"

ሳቁ ቆመ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከጠረጴዛው ቀስ ብለው ወረዱ። አባቴ ገና ዛሬ የሞተባት መሰለኝ፤ ፈራሁላት።

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። የቆሙትን ሽማግሌዎች አየች፤ እኔ ያለሁበትን መጋረጃም አየች።

"እንግዲህ የምጠይቀው ሰው የለኝም" አለች። "ተቀመጡ።"