መርዶ ለበሽተኛ አይነገርም

መርሳ ከተማ ውስጥ በጭንቀት ታማ የታከመች ሴት ፊቷን ስትሰጥ “እግዜር ይማርሽ” ትባላለች፤ ጀርባዋን ስትሰጥ ደግሞ “ነካ ያደርጋታል” ትባላለች። ቆይቶ የራሳቸው ሰው አልጋ ሲይዝ እነዚያው ሰዎች ምስማር የሚገዙ መስለው ሱቄ ይመጡና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። “እነዚያ ወልድያ ያሉት ምን ቢያደርጉልሽ ነው የዳንሽ? ከሕክምናው የቱ ይሻላል?” ይሉኛል። እኔም እንደ ቀልቤ እመልሳለሁ። ደስ ያለኝ ቀን ስለ ሐሳቡ ሕክምና፣ የተናደድኩ ቀን ስለ ሥራው ሕክምና አወራለሁ። ሦስተኛውን ግን ለማንም በቅጡ ተናግሬ አላውቅም።

የታመምኩት ታናሽ ወንድሜ በጠፋ ጊዜ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሜም ልጄም ነበር። የጭነት መኪና ይነዳል። ጦርነቱ በአገራችን ላይ በሚመላለስበት ጊዜ ከግራና ከተማ ሽንኩርት ጭኖ ወጣ፤ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ሌሎቹ ሾፌሮች አንድ በአንድ ተመለሱ፣ እሱ አልተመለሰም። መጀመሪያ ጠበቅሁ። ከዚያ መጠበቁ ደከመኝ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ደከመኝ። ፀጉሬን ማበጠር፣ ለሰላምታ መልስ መስጠት፣ እግሬን ከአልጋ ማውረድ አቃተኝ። ባለቤቴ ሱቁን ዘግቶ ሊያጎርሰኝ ሲመጣ አፌን ገጥሜ ወደ ግድግዳው እዞርበታለሁ። ሞት አማረኝ ማለት አይደለም፤ ብቻ ነገ መንጋቱ ለምን ያስፈልጋል እል ነበር። እንባ እንኳ አልነበረኝም።

ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ቡዳ ነው አለች፣ ሌላዋ የምቀኛ ሥራ ነው አለች። የእናቴ ወንድም ከውርጌሳ መጥተው ጸበል ወሰዱኝ። አጎቴ የቤተሰቡ ዳኛ ናቸው፤ የሚያስታርቁትም፣ የሚድሩትም፣ የሚቀብሩትም እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሳይሉ በእኛ ዘር ምንም አይደረግም። ጸበሉ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ሌላ የማስታውሰው የለኝም። በመጨረሻ ባለቤቴ በሚኒባስ ወልድያ ወሰደኝ። ሐኪሙ “ድባቴ ነው” አለና መድኃኒት ጻፈልኝ፤ “በንግግር የሚደረገው ሕክምናም ያስፈልግሻል” ብሎ ወደ አማካሪ መራኝ።

“ንግግር የሚያድን ቢሆን” አልኩት ባለቤቴን፣ “መርሳ ላይ በሽተኛ አይገኝም ነበር።”

ከስንት ጊዜ በኋላ ከአፌ የወጣ ሙሉ ነገር ይኸው ስለነበረ ሰውዬው በደስታ ሊያለቅስ ደረሰ።

የመጀመሪያው አማካሪ ወጣት ነው፣ የዚሁ የእኛው አገር ልጅ። “ሐሳብ ስለመጣብሽ ብቻ እውነት አይምሰልሽ፤ ምስክር ጠይቂው” አለኝ።

“ፍርድ ቤት ነው እንዴ ያመጣችሁኝ?”

“እንደዚያ ቁጠሪው። ጠዋት ስትነቂ ቀድሞ የሚመጣብሽ ሐሳብ ምንድን ነው?”

“ወንድሜ ሞቷል የሚል።”

“መሞቱን የሚያሳይ ምን አለሽ?”

“ስልኩ አይሠራም። እሱንም መኪናውንም አየሁ የሚል ሰው የለም።”

“አለመሞቱንስ የሚያሳይ?”

ብዙ አሰብኩ። “መርዶ አልመጣም” አልኩት። “ሞቶ ቢሆን አጎቴ ዘመድ አስከትለው ገና ሳይነጋ በሬን ይመቱ ነበር። እሳቸው እያሉ የእኛ ሰው ያለ መርዶ አይቀርም።”

ልጁ ከሌላ አገር የመጣ ቢሆን ይኼን እንደ ቀልድ ያየው ይሆናል። የአገሬ ልጅ ነውና ወዲያው ገባው፤ ራሱን ነቀነቀ። “ይኼማ ትልቅ ማስረጃ ነው” አለኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ሳል ያዘውና ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ያ ሐሳብ ሲመጣ “መርዶ አልመጣም” እለዋለሁ። አልዋሽም፣ ሠርቷል። ሐሳቡ መምጣቱን ባይተውም እንደ በፊቱ ደረቴ ላይ አይቀመጥም። እንቅልፍ መለስ አለልኝ። ግን ክርክሩን የማደርገው እዚያው አልጋዬ ላይ ተኝቼ ነው። ረትቼም ከአልጋ አልወርድም።

ልጁ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና በእድሜ የምትስተካከለኝ ሴት ተተካች። ወሬ አታበዛም። “ሙግቱን ለጊዜው ተዪው” አለችኝ። “ደስ ሲለኝ እነሣለሁ ካልሽ ሳትነሺ ትቀሪያለሽ። እግርሽ ይቅደም፣ ስሜትሽ ይከተልሻል።” የመጀመሪያው ትእዛዝ ፊቴን ታጥቤ ደጅ መቀመጥ ነበር። ቀጥሎ ከምሳ በፊት የሱቁን አንዱን መዝጊያ መክፈት።

“የራሴን ሱቅ ለመክፈት የሐኪም ትእዛዝ ያስፈልገኛል እንዴ?” ብዬ ተቆጣሁ።

“የሚያስፈልግሽ ከሆነ ምን ታደርጊዋለሽ” አለችኝ።

እየተነጫነጭኩ ከፈትኩ። አንድ ሰውዬ የቀለም ብሩሽ ሊገዛ መጣና ሲከራከር ሲከራከር ትዕግሥቴን ጨረሰው፤ ሰደብኩት። እሱም ሰደበኝ። ያን ቀን እራቴን ሳልለመን በላሁ። ለአማካሪዋ ስነግራት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ቀስ በቀስ ሁለቱንም መዝጊያ መክፈት ጀመርኩ፣ ግራና ገበያም ወጣሁ።

እንግዲህ የሚጠይቁኝ ሰዎች እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው የሚሰሙት። ጭንቅላቱ ባዶ ወፍጮ ሆኖ የሚፈጭበት ሰው ቢኖራችሁ የፊተኛው ይሻለዋል፤ ገላው አልታዘዝ ያለው ሰው ቢኖራችሁ የኋለኛው ይሻለዋል እላቸዋለሁ። የፊተኛው ብቻህን ያሟግትሃል፤ የኋለኛው ሰው መሐል ይጥልሃል። መድኃኒቱንም አትተዉ እላለሁ። ይኼ ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ሱቁን ከፍቼ፣ ከሰው ጋር ስቄ፣ ማታ ስገባ ከውስጤ አንድ ያልተነቃነቀ ነገር ነበረ።

ይኼንኑ ለአማካሪዋ ነገርኳት። ሌላ መንገድ እንሞክር አለችኝ። ድባቴ ብዙ ጊዜ የሚገባው በሰው በኩል ነው አለች፤ ወይ ሰው ሞቶ፣ ወይ ከሰው ተጣልተው፣ ወይ ኑሮ ተለውጦ። “ያንቺው የገባው በየትኛው ነው?”

“በየትኛውም አይደለም። ወንድሜ መንገድ ላይ ነው።”

“ሞተ ብለው ቢነግሩሽስ ምን ታደርጊያለሽ?”

“አለቅሳለኋ!” አልኳት፤ ድምፄ ከፍ አለ። “ሰው እንደሚያለቅሰው አለቅሳለሁ። ዘመድ ይሰበሰብልኛል፣ ደረቴን እመታለሁ፣ ይወጣልኛል። ያልነገሩኝን ሰው እንዴት ላልቅሰው?”

አየችኝ። ከዚያ አጠገቤ የተቀመጠውን ባለቤቴን አየችው። እኔን ደጅ አግዳሚው ላይ እንድቀመጥ ጠየቀችኝና እሱን አስቀረችው። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። መርሳ እንደደረስን ወዲያው አጎቴ ጋ ውርጌሳ ሄደ። የአጎቴ ሚስት ታመዋል አለኝ፤ አመንኩት።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ጎህ በራችን ተመታ። ባለቤቴ ልብሱን ለብሶ ተቀምጧል። በሩን ስከፍት አጎቴ ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ዘመዶቻችን፣ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው። ሙስሊሟ ጎረቤቴም ከመሐላቸው ነበረች። በልማድ “መርዶ አልመጣም” ልል አሰብኩ። መርዶው እኮ ደጄ ላይ ቆሟል።

“ቁጭ በይ ልጄ” አሉኝ አጎቴ። “እግዜር የሰጠውን ራሱ ይወስዳል። ወንድምሽ አርፏል።”

የጮህኩትን ጩኸት እኔ ልጩኸው ሌላ ሰው አላውቅም። ፊቴን ልነጭ ስል ጎረቤቴ ሁለት እጆቼን ይዛ “ተይ እህቴ፣ ፊትሽን ተይው፤ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ” እያለች አብራኝ አለቀሰች። አለቀስኩ፣ አለቀስኩ። ያ ያልተነቃነቀው ነገር ተነቃነቀ። እየቆረጠኝ ሁሉ ደስ የሚል ነገር ነበረው፤ ይኼን ማለት ነውር ከሆነም ነውር ይሁን።

ፀሐይ ወጥታ እንባዬ ገታ ሲል “መቼ ነው የሞተው?” አልኩ።

አጎቴ ወደ መሬት አዩ። “ቆይቷል” አሉ።

“ስንት ጊዜ?”

“ገና መንገዱ እንደተዘጋ ነው። የቀበረው ሾፌር መጥቶ ነገረን። ልንነግርሽ ተሰብስበን ነበር፤ አንቺ ግን አልጋ ይዘሽ አገኘንሽ። መርዶ ለበሽተኛ አይነገርም ልጄ። ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ፣ ለበሽተኛ አይነገርም። ትዳን ብለን ነው የጠበቅን።”

እኔ የታመምኩት ባለማወቄ ነው፤ እነሱ ያልነገሩኝ ታማለች ብለው ነው። ኋላ እንደነገረኝ፣ ያቺ አማካሪ ለባለቤቴ ያለችውም ይኼንኑ ነበር፤ “እናንተ እንድትድን ትጠብቃላችሁ፤ እሷ እንድትነግሯት ትጠብቃለች።” ውርጌሳ በሙሉ ያውቅ ነበር። ግራና ገበያ ላይ አይዞሽ እያሉ እጄን የጨበጡኝ ሁሉ ያውቁ ነበር። ከሞቱ እኩል ይኼ አንገበገበኝ። አጎቴን ቀና ብዬ መናገር ስላልቻልኩ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

“ተዝካሩስ?” አልኩት።

“ወጥቷል” አለ።

“የት?”

“ውርጌሳ። አጎትሽ ግቢ።”

“የእናቴን ልጅ ተዝካር እኔ ሳልኖር አወጣችሁ?”

ወደ አጎቴ አየ። ደግሜ ጮህኩበት።

“ነበርሽ” አለኝ።

ወዲያው ታየኝ። የሚካኤል ዝክር ነው ብለው፣ ሰው መሐል ብትሆን ይሻላታል ብለው፣ ከአልጋ አንሥተው ወስደውኝ ነበር። ዳስ ተጥሏል፣ ካህናቱ ተቀምጠዋል። ለቀናት እህል ያልቀመስኩ ሴት ያን ዕለት በላሁ። የአጎቴ ሚስት እያጎረሱኝ ያለቅሱ ነበር፤ ስለበላሁ ደስ ብሏቸው መሰለኝ። እንግዳው ሲወጣ እየዞረ ትከሻዬን ይስመኝ ነበር፤ ስለታመምኩ መሰለኝ። ወጡ ጣፍጦኝ ጨምሩልኝ ብያለሁ።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ ወልድያ ሄድኩ፤ ባለቤቴን አትከተለኝ ብዬው ብቻዬን። አማካሪዋ ጥቁር ልብሴን አየች። ሱቁ ተከፈተ ወይ አላለችኝም፣ ጠዋት ምን ታስቢያለሽም አላለችኝም። ሳለቅስ ጠበቀችኝና “ከየት እንጀምር?” አለችኝ።

“ከበላሁት” አልኳት።