በግራ በኩል ያለው ጭቃ

ሣጥኑ ተመልሶ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጄኔራሉ በሩን ከፍቶ በባለ ሱቁ ክንድ ላይ ሲያየው መጀመሪያ አዲስ ትእዛዝ መሰለው። ከዚያ በገዛ እጁ ያሰረውን ሲባጎ አወቀው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት የወጣ ሣጥን ተመልሶ ገብቶ አያውቅም።

ጄኔራል የሚለው የሰፈር ቀልድ ነው። ሰውዬው በዕድሜው ጠመንጃ ጨብጦ አያውቅም፤ ታንክ ግን ሞልቶታል። እያንዳንዱ ታንክ ከባቄላ ፍሬ ትንሽ ተለቅ ይላል፣ አፈሙዙ ከመርፌ ብዙም አይወፍርም። እርሳስና ቆርቆሮ አቅልጦ፣ በጎማ ቅርጽ ውስጥ አፍስሶ የሚያወጣቸው እሱ ነው። ከባለ ሱቁ የሚገዙት ጠረጴዛ ላይ ጦርነት የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጡረተኞችና አስተማሪዎች። ታንኮቹን በካርታ ላይ ይደረድራሉ፣ ዳይስ ይወረውራሉ፣ ሲሸነፉ ይኮራረፋሉ።

ቀድሞ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል አቅላጭ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር አስገብቶ ሲያሰናብተው የማቅለጫ ድስቱንና ምድጃውን ይዞ ወጣ። ሚስቱም እዚያው ጥረዛ ክፍል ትሠራ ስለነበር እሷም መቁረጫዋንና የሙጫ ቆርቆሮዋን ይዛ ወጣች። "አንተ ድስት፣ እኔ ሙጫ፤ ምግብ ብቻ ጎደለን" ብላ ስቃ ነበር ያን ቀን።

ሥራውንም እንደዚያው ተካፈሉት። እሱ ጓሮ በር አጠገብ ያቀልጣል፣ ያፈሳል፣ ቅርጹን ይከፍታል። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የተረፈውን ጠርዝ በሞረድ ታነሳለች፤ ከመጽሐፍ ልባጥ ካርቶን መቆሚያ ትቆርጣለች፤ ታንኩን በጥረዛ ሙጫ ታጣብቅና ዙሪያውን በአሸዋና በቀለም መሬት ታስመስለዋለች። ማታ እጁን እየታጠበ ይጠይቃታል።

"እንዴት ወጡ?"

"ደህና ናቸው።"

በቃ። ሌላ ቃል አልነበረም። ከሦስት ወር በፊት ሞተች። ሕመሙ አጭር ነበር። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ከዚያ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ይህን የመጀመሪያውን ሣጥን ብቻውን ሲሠራ እንኳ መቆሚያዎቹን ያጣበቀው ቆሞ ነው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ባለ ሱቁ ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ። "ደንበኞቹ መለሱት።"

"ምን ሆኖ?"

"የግራው ሰንሰለት ጫፍ የለም። ተበልቷል። ሰባ ሁለቱንም አየኋቸው፤ ሃምሳ ስምንቱ እንደዚህ ናቸው።"

"አይሆንም።"

"ይኸው፣ በጥፍርዎ ይንኩት።"

ጄኔራሉ አንዱን አንስቶ አውራ ጣቱን በግራው ሰንሰለት ላይ አስኬደው። መጨረሻው ላይ ጥፍሩ ሸርተት ብሎ ጉድጓድ ገባ። ሌላ አነሳ። ገባ። ሦስተኛም አነሳ።

"ምናልባት የዚህ ሳምንት እርሳስ…" ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

"ደግሞ ጭቃውስ?" አለ ባለ ሱቁ፤ ነገሩን ለማቅለል ብሎ ነው መሰል። "ሰዎቹ ጭቃው የታለ ይሉኛል። የጄኔራሉን ታንክ ከሩቅ የምናውቀው በጭቃው ነው ይላሉ።"

ይሄኛው እንደ ጥፊ ነበር። ያ ጭቃ የባልና የሚስት የዓመታት ጭቅጭቅ ነው። በየመቆሚያው ላይ፣ ሁልጊዜ በግራ በኩል፣ ሰንሰለቱን እስኪውጠው ድረስ ጭቃ ትቆልል ነበር። "መንገድ ሥራ ልትቀጠሪ ነው እንዴ? የኔን ብረት ለምን ትቀብሪዋለሽ?" ይላታል። "ታንክ በጭቃ አይደል እንዴ የሚሄደው?" ትለዋለች፣ ቀና ሳትል። እሷ ካረፈች በኋላ መቆሚያዎቹን እሱ ሁሌ እንደሚመኘው አድርጎ ሠራቸው፤ ስስ፣ ንጹሕ፣ ብረቱን የማይሸፍኑ። በልቡ እንደውም ኮርቶባቸው ነበር።

"የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ውድድሩ ነው" አለ ባለ ሱቁ በሩ ላይ ቆሞ። "ከሌላ ከተማ ሁሉ ይመጣሉ። ዋዜማውን ዓርብ ካልደረሰልኝ ከፋብሪካ ፕላስቲኩን አመጣለሁ። እሱን ከለመዱ ደግሞ፣ ጋሼ…"

"ገባኝ።"

ብቻውን ሲቀር ለረጅም ጊዜ ሣጥኑን አልነካውም። ያለችው አንዲት ነገር የእጁ ስም ናት። ማተሚያ ቤት ሳለ እንኳ ከሱ ድስት የወጣ ፊደል አይመለስም ይባል ነበር። አሁን እንዴት? ሙቀቱ ያው፣ ቅልቅሉ ያው፣ እጁ ያው። ምን ተለወጠ? የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ሐሳቡ ሲመጣበት ደነገጠ። ሊያባርረው ሞከረ፣ አልሄድ አለው።

የግድግዳው መደርደሪያ ላይ ከየዓመቱ አንድ አንድ ታንክ ለማስታወሻ አስቀምጦ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ታንክ፣ በተራ። የጥረዛ ሙጫ ሙቅ ውሃ አይወድም። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሙቅ ውሃ አደረገና የመጀመሪያውን ዓመት ታንክ ነከረው። ትንሽ ቆይቶ መቆሚያው ለቀቀ። ሰንሰለቱን ዳሰሰ። ሙሉ ነው። እፎይ አለ። የሁለተኛውን ነከረ፤ ሙሉ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ሁሉም ሙሉ፣ ሁሉም ስስ አፈር ላይ የቆሙ።

አሥራ ሁለተኛው ላይ ጭቃው ወፍራም ነበር። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሳህኑ ደፈረሰ። ጣቱን አስኬደ። ጥፍሩ ገባ።

አሥራ ሦስተኛው፣ ገባ። አሥራ አራተኛው፣ ገባ። የቀሩትን ሁሉንም በአንድ ላይ ሳህኑ ውስጥ ዘረገፋቸውና እንደ ቆሎ አሻቸው።

የሚስቱ ታላቅ እህት የደረሱት በዚህ ሰዓት ነው። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከቀብሩ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ መብላቱን ያያሉ፣ ይቆጡታል፣ ይሄዳሉ።

"ምን ልታጥብ ነው በዚህ እድሜህ?" አሉ ሳህኑን አይተው። ከዚያ ወደ ፊቱ ተመለከቱ። "ምን ሆንክ አንተ?"

"እትዬ፣ ስምንት ዓመት። ስምንት ዓመት ሙሉ የተበላሸ ነገር ነው ሳወጣ የኖርኩት።"

እትዬ ቦርሳቸውን አስቀመጡ። የደነገጡ አይመስሉም። እሱን ያስደነገጠው ደግሞ ይህ ነው።

"ያውቁ ነበር?"

"ተቀመጥ።"

"ያውቁ ነበር ወይ?"

"የኔ ወንድም፣ ዓይንህ እኮ ደከመ። ያኔ የጎማውን ቅርጽ እንደ አዲስ የቆረጥክ ጊዜ ነው። የሆነ ቦታ አንድ ነገር ዘለልክ አለችኝ፤ እኔ ስሙን አላውቀው። ዕለቱን ልትነግርህ ነበር። እጅህን እየታጠብክ፣ እንደዚህ የሚያምር አውጥቼ አላውቅም ብለህ ስቀህ ጠየቅሃት። ደህና ናቸው አለችህ። ከዚያ በኋላማ በምን አፏ ትመለስ?"

"እና ደበቀችኝ?"

"ደበቀችህ። ጭቃ የማይሸፍነውን ደግሞ እዚያ ታስቀምጠው ነበር።" በአገጫቸው መስኮቱ ሥር ያለውን ጠረጴዛ አሳዩት።

ከጠረጴዛው ሥር፣ ከካርቶን ቁርጥራጩ ኋላ፣ አንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ሲስበው አልነቃነቅ አለው። ክዳኑን ከፈተ። እስከ አፉ ታንክ ነው፤ አፈሙዝ የሌለው፣ ሆዱ የተበሳ፣ ግማሽ ድረስ ብቻ የወጣ። በየምሽቱ "ደህና ናቸው" ስትለው እነዚህ በኪሷ ነበሩ ማለት ነው። በየማለዳው ቁጥሩ ሲጎድልበት "በደንብ ቁጠር እንጂ" ብላ ትስቅበት ነበር፤ እሱም እውነትም ተሳስቻለሁ እያለ ትርፍ ያፈስ ነበር።

ጄኔራሉ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ይናደድ ይሆናል ብለው እትዬ ጠበቁት። አልተናደደም። ለመናደድ እንኳ እሷ ራሷ ታስፈልገው ነበር።

"እኔ እኮ ስለ ጭቃው እሰድባት ነበር" አለ በመጨረሻ።

"ትነግረኝ ነበር። እየሳቀች ነው ደግሞ።"

ሐሙስ ዕለት እትዬን አስጠርቶ የጎማውን ቅርጽ መስኮቱ ሥር አመጣው። ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠበት። የዘለለውን ነገር ጣቱ ቶሎ አገኘው። ቀልጦ የሚገባው ብረት አየሩን ገፍቶ እንዲያስወጣ በየማዕዘኑ ፀጉር የምታህል መስመር ትቆረጣለች። ሦስቱ ማዕዘኖች መስመሯ አለቻቸው፤ የግራው የኋላ ማዕዘን ግን የለችውም። አየሩ እዚያ ታፍኖ ይቀራል፣ ብረቱም ሳይደርስ ይረጋል። ማተሚያ ቤት ለሚገቡ አዲስ ሠራተኞች የመጀመሪያ ቀን የሚያስተምረው ይህንኑ ነበር።

"እትዬ፣ መርፌዎን ይዘዋል?"

"መርፌ የሌለው ልብስ ሰፊ የት ታውቃለህ?"

"እንግዲህ እዚህ ማዕዘን ላይ ያስምሩልኝ፤ እኔ በጣቴ ተከትዬ እቆርጣለሁ። ሳፈስ ደግሞ አንድ በአንድ ያዩልኛል። ደህና ናቸው እንዳይሉኝ ብቻ።"

"እኔ? እኔማ አልራራልህም፤ አትሥጋ።"

እውነትም አልራሩለትም። "ይሄ አንካሳ ነው።" "ይሄ አፍንጫው ወድቋል።" "ይሄ ታንክ ነው ወይስ የተረገጠ ጥንዚዛ?" ሲሉ ሰነበቱ። በየስድቡ ይደነግጥና መልሶ ያቀልጠው ነበር። ከሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ስድቡ እየሳሳ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሣጥን ይዞ ሱቁ ደረሰ። ባለ ሱቁ አንደኛውን ከፈተ፤ ባዶ ብረት፣ ያለ መቆሚያ። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ሰባ ሁለት መቆሚያ፣ ብቻቸውን።

"ጋሼ፣ ነገ እኮ ነው ውድድሩ! ለምን አላጣበቋቸውም?"

"ገልብጠህ እንድታያቸው። የላይኛው አይበቃም። የስምንት ዓመቱም ብልሹ ነበር፤ ከመቆሚያው አላቅቃችሁ ሆዱን አላያችሁትም እንጂ።" ነገሩን በአጭሩ ነገረው፤ ቅርጹን፣ ዓይኑን፣ ጭቃውን።

ባለ ሱቁ ዞረ። ከመስታወት መደርደሪያው አንድ የቆየ ታንክ አወጣና ወፍራሙን ጭቃ እንደ አዲስ ነገር አየው።

"ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው… መደበቂያ ነበር?"

"መደበቂያ ነበር።"

ባለ ሱቁ አጉሊ መነጽሩን አነሳ። ሰባ ሁለቱንም ገልብጦ አየ፤ ጄኔራሉ ምርመራ እንደሚጠብቅ በሽተኛ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ባለ ሱቁ ሦስቱን ለብቻ አስቀመጠ። "እነዚህ ትንሽ ጎደል ይላሉ። የቀሩት ሙሉ ናቸው፣ ጋሼ። ሦስቱን ጭቃ ጣል ቢያደርጉባቸው ማን ያያል?"

ጄኔራሉ ሦስቱን ኪሱ ከተተ። "ትርፍ አምጥቻለሁ" አለና ከሌላው ኪሱ ሦስት ቆጥሮ አወጣ። ከዚያ ከቦርሳው የሙጫ ቆርቆሮዋን አውጥቶ ባንኮኒው ጫፍ ላይ ማጣበቅ ጀመረ።

ባለ ሱቁ አንዱን መቆሚያ ብርሃን ላይ አደረገው። በግራ በኩል ጭቃ አለበት፤ ሻካራ፣ ያልለመደ እጅ ያደረገው።

"ብረቱ ሙሉ ከሆነ ይሄ ምን ይሠራል?"

ጄኔራሉ ቀና አላለም። ቤት ከጠረጴዛዋ ሥር ያለውን የብስኩት ቆርቆሮ ለማቅለጥ ሁለቴ አንስቶ ሁለቴ መልሶ አስቀምጦታል፤ ያንን ለማንም አልተናገረም።

"ሰዎቹ ይፈልጉታል አላልክም?" አለ፣ ሙጫ የነካውን ጣቱን እያየ።