«እኔ ነኝ» የሚሉ በተኖች

«አንቺ ልጅ፣ ግድግዳውን አሳምረሽ ሠርተሽዋል። በሩን ግን ረስተሽዋል።»

እንዲህ ያሉኝ ሞላሌ ባለው የሱፍ ሠራተኞች ማኅበር ሱቅ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሸጡት ሴትዮ ናቸው፤ ፊት ለፊት፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ቆመው እየሰሙ። እትዬ ነው የምላቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ ወንበራቸውን ግን ለማንም ለቀው አያውቁም። ብርድ ልብሱን በመዳፋቸው አንዴ አሸት ያደርጉትና ዋጋውን ይናገራሉ። አለቀ። መከራከር የሚፈልግ ይከራከር።

ግድግዳ ያሉት የኔን ፕሮግራም ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ስለማልችል ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ። ማኅበሩ ሽያጩ በኮምፒውተር ይሁን ሲል «እኔ እሠራላችኋለሁ» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ሠራሁት። ስክሪኑ ላይ እንዲጫኑ ተዘጋጅተው የሚመጡት በተኖች ግራጫ ናቸው፣ አስጠሉኝ። ስለዚህ የራሴን ሥዬ አስገባሁ፦ ለሽያጭ ባና፣ ለመመለሻ ቀስት፣ ለማተሚያ ወረቀት። ዕቃ ሲያልቅ መስመሩ ቀይ ይሆናል። በተኖቹ ላይ አንዲት ፊደል የለችም። ያምር ነበር፤ ዛሬም ያምር ነበር እላለሁ።

እትዬ የሚሠሩት በጆሯቸው ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም በነጻ አግኝቼ ጭኜላቸው ነበር፤ ያ ይበቃል ብዬ። ለካ አንባቢው ሥዕል አያይም። የኔ ፕሮግራም ራሱ «እዚህ ጋ በተን አለ» ብሎ ካልነገረው ምንም አያውቅም። እትዬ ቁልፍ ቢነኩ፣ ቢነኩ፣ ዝም።

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይደሉም። «እትዬ፣ እርስዎማ ደክመዋል፤ ቤትዎ ቁጭ ብለው ይመርቁን» አሉ። «የፊታችን ቅዳሜ ገበያ ላይ ከሠሩበት እሰየው። ካልሆነ የሚያይ ሰው እናስቀምጣለን።»

«ቤቴ ካስቀመጥከኝማ የምመርቅህ እንዳይመስልህ» አሉ እትዬ።

ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዤ ወደ ኮፒ ቤት ተመለስኩ። የናቅኳቸውን ግራጫ በተኖች መልሼ አስገባኋቸው፤ እነሱ ከአንባቢው ጋር የሚነጋገሩበትን መንገድ ከፋብሪካቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ ማውዝ ሳይነካ ታብ በሚባለው ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይኬድባቸዋል። ሥዕሎቼን ከላያቸው ለጠፍኩ። ልጥላቸው ልቤ አልጨከነም። ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ላይ «ቤቶች» አልኩ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ግቢ፣ አንቺ ችኩል።»

ከፈትኩላቸው። ታብን ነኩ። «በተን» አለ አንባቢው። ደገሙት። «በተን።» አሁንም፣ «በተን።»

እትዬ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሡ። «ያገሬ ሰው ማነው ስለው እኔ ነኝ ነው የሚለኝ። ስሙን የሚናገር የለም፣ አንቺም አልተናገርሽ። ግድ የለኝም፣ ሁሉም የየራሱ ድምፅ አለው። ያንቺዎቹ ግን ተሰልፈው ባንድ ድምፅ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ይሉኛል። የትኛውን ላስገባ?»

ወጥቼ ለእያንዳንዱ በተን ስም ጻፍኩለት። ግን እናቴ ለታላቅ ሰው ቁርጥ አድርገሽ አትናገሪ ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ እኔ አፌ ላይ አልሠራ ያለኝን ምክር በተኖቹ ላይ ተገበርኩት። ሐሙስ ዕለት እትዬ ታብን ሲነኩ አንባቢው «እንደምን ዋሉ፣ ሽያጭ ለመመዝገብ እባክዎ ይህን ይጫኑ፣ እናመሰግናለን» አለ። ቀጣዩም እንዲሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። የሚጠብቀውን ፊደል እያላላ፣ የሚላላውን እያጠበቀ።

«ይሄ ሰውዬ የየት አገር ነው?» አሉ።

«የኮምፒውተር ነው፣ እትዬ።»

«ሲያወራ ጥርሱን ያመመው ይመስላል። እሱስ ይሁን። ግን ካንዱ ደጅ ወደ ሌላው እስክሄድ ከብቱና እህሉ እንዴት ነው ሊለኝ ምንም አልቀረውም። ገበያተኛው ባናውን ጥሎልኝ ይሄዳል። ሽያጭ ይበለኝና ይብቃው።»

«ባለጌ አይሆንብዎትም?»

«አንቺን ችዬ የለ።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ቆራረጥኩት። «ሽያጭ።» «መመለሻ።» «ማተሚያ።» ከቀዩ መስመር ጎን «አልቋል» የሚል ቃል ጨመርኩ፤ ቀይ ለሳቸው ምን ይሠራላቸዋል? ታቡም ከዋጋ ተነሥቶ ማተሚያ ላይ ይዘል ነበር፤ ለካ በተኖቹን እኔ በሠራሁበት ተራ ነበር የሚሄደው። እትዬ በሚሸጡበት ተራ አደረግኩት፦ መጀመሪያ ዕቃ፣ ቀጥሎ ዋጋ፣ ከዚያ ሽያጭ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ተለማመዱ። የሚሳደቡትም ቀነሰ።

ቅዳሜ ገበያው ሳይሞላ በሩ ላይ «ቤቶች» የሚል ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የዚህ ቤት በተን እንኳ ስሙን ይናገራል። አንተ ምን ሆነሃል?»

«ሊቀመንበሩ ነኝ» አሉ ሊቀመንበሩ። ከኋላቸው «የሚያይ ሰው» ያሉት ተከትሏቸዋል፤ ማኅበሩ ውስጥ የተሸመነውን ባና በእግሩ እየረገጠ የሚያጠብቅ ወጠምሻ ነው። ገብቶ የሱፍ ከረጢት ላይ ተቀመጠና ዓይኑን ወንበሩ ላይ ተከለ።

ከዘመሮ የመጣች ሴት ነጭ ባና አንሥታ ዋጋ ጠየቀች። እትዬ ባንድ ጆሯቸው ማዳመጫ ሰክተዋል፤ ሌላው ጆሯቸው ሴትየዋን ያዳምጣል። ጣታቸው ቁልፎቹ ላይ እየሄደ አፋቸው ዋጋ ይከራከራል። እኔ ከጀርባቸው ቆሜ ስክሪኑን እከታተላለሁ።

«ጥቁሩንስ አታሳዪኝም?» አለች ሴትየዋ።

እትዬ ታብ፣ ታብ። «ጥቁሩ አልቋል እህቴ፣ መደርደሪያውን አትቆፍሪ። ነጩን ውሰጂ፣ ጥቁር ቆሻሻውን ይደብቃል፣ ነጭ ግን ታይቶ ይታጠባል።»

ሴትየዋ ሳቀችና ወሰደች። እትዬ አንድ ቁልፍ ተጫኑ፤ ማተሚያው ጮኸ፤ ደረሰኙን ቀደው ሰጧት። ቀጣዩ ሰው ባናውን አንሥቶ ቆሞ ነበር።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩት፣ እትዬን አዩ፣ ከዚያ ወደ ከረጢቱ ዞሩ። «ተነሥ፣ አንተ ወደ መርገጥህ ተመለስ» አሉት። ወጠምሻው ልብሱን አራግፎ ወጣ።

«አንቺም» አሉ እትዬ፣ ሳይዞሩ። «ጀርባዬ ላይ አትተንፍሺብኝ። ሂጂ፣ ሥራ አለኝ።»

ፍላሼን ነቀልኩ፣ ሹራቤን ለበስኩ፣ በበጎቹና በገበያተኛው መሃል አቋርጬ ወደ ኮፒ ቤቱ ሄድኩ።