ሰላምታ ያቆመው ገበያ

ስም አልጠራም። አምቦ ትንሽ ከተማ ናት፤ የአስተማሪዬን ስም ዛሬ ብጽፍ ነገ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ይቀመጣል። የተናገረውን ግን እጽፋለሁ።

“አዴ” አለኝ በክፍሉ ሁሉ ፊት። አዴ በእኛ አገር የተከበረች ሴት የምትጠራበት ቃል ነው፤ ሰውን በአክብሮት ወደ ዳር ለመግፋትም ያገለግላል። “አዴ፣ እርስዎ ቀለሙን ይቀቡ። ጌሙን ልጆቹ ይሠሩታል።”

የሥዕል ተማሪ ነበርኩ፤ የመጨረሻ ዓመት። ከመምህርነት ጡረታ ወጥቼ ነው ኮሌጅ የገባሁት። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ ከመጨረሻ ልጄ ያንሳሉ። በዚያ ዓመት ከሥዕሉ ጎን የኮምፒውተር ጌም አሠራር የሚባል ትምህርት ተጨመረ። ልጆቹ እየተሳሳቁ ተመዘገቡ። እኔ ሳልስቅ ተመዘገብኩ።

ለምን ብሎ የጠየቀኝ ስላልነበረ አሁን ልናገር። ባኮ ሳስተምር የትምህርት መርጃ የምሠራው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ በቆሎን ከዘሩ እስከ እሸቱ ሣልኩና በሁለት እንጨት ላይ ጠቀለልኩት። ልጆቹ ጫፉን ሲጎትቱ በቆሎው ያድጋል፤ ሲለቁት ተመልሶ ዘር ይሆናል። ተሰልፈው ነበር የሚጎትቱት። ርዕሰ መምህሩ ለኤግዚቢሽን ወሰደው፤ ሽልማቱን ይዞ ሲመለስ የተሸለመው እሱ ነበር። “የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው እኮ እህቴ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ እኔ ነኝ” አለኝ። ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ተዛወርኩ። እዚያም ርዕሰ መምህሩ ሌላ፣ ነገሩ ያው።

ጌም የሚሉት ነገር ያ በቆሎ መሆኑ የገባኝ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሰው ሲነካው የሚመልስ ሥዕል ነው። በዚህኛው ላይ ግን የራሴ ስም እንዲኖር ፈለግሁ።

“ለብቻዬ እሠራለሁ” አልኩት አስተማሪውን።

“ለብቻው የሠራ ለብቻው ይቆማል፣ አዴ። በማቅረቢያው ቀን ፈታኞቹ ፊት ካልሠራ ወደቁ ማለት ነው፤ ዲፕሎማውም ይቀራል። ከልጆቹ ጋር ቢሆኑ ግን ቀለሙ ብቻ ያሳልፍዎታል።”

“ገብቶኛል።”

“ጌሙ ስለ ምንድን ነው?”

ነገርኩት። አንዲት ሴት በገበያ ቀን አምቦ መናኸሪያ ትወርዳለች። ቅቤ ገዝታ የባኮ አውቶቡስ ሞልቶ ሳይነሳ መመለስ አለባት። መንገዱ ላይ የሚያውቋት ሰዎች አሉ።

“ጠላቱ ማነው ታዲያ? ጌም ያለ ጠላት አይሆንም።”

“ጠላት የለም። አውቶቡሱ ነው የሚያስቸኩላት።”

“ሰዎቹስ ምን ይሠራሉ?”

“ሰላም ይላሉ።”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የወንዶቹ ቡድን አለቃ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ፣ “ተጠንቀቁ! በሰላምታ ገዳይዋ መጣች!” አለ። አስተማሪውም ሳቀ። አይቼዋለሁ።

ሰላም ሳይል ያለፈ ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚደርስበት ግን ሁሉም ያውቃል። ዛሬ ዝም ብለሽ ያለፍሻት ሴት የነገዋ ቅቤ ሻጭ እህት ናት። ጌሙም እንደዚያው ነው፤ ሰላም ካልሽ ጊዜ ይሄዳል፣ ካላልሽ ሰው ይኮርፋል። 

ክረምቱን ሙሉ ሣልኩ፤ መናኸሪያውን፣ ባጃጆቹን፣ ሸክላ ሻጮቹን፣ አንድ ግራጫ አህያ። ኮዱን የተማርኩት ደግሞ ከኮሌጁ ኮምፒውተር ወደ ላፕቶፔ በገለበጥኩት ትምህርት ነው። ኢንተርኔት በጠፋበት ጊዜ ልጆቹ ሥራቸውን ትተው ኳስ ሲጫወቱ እኔ ምንም አልቀረብኝም። ከድሮም ያለ ኢንተርኔት ነው የኖርኩት።

የሴትየዋ እግር መንቀሳቀስ ሲጀምር ቤቴ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከዚያ ሰዎቹን ሰላምታ አስተማርኳቸው። ትእዛዙ ቀላል ነበር፤ ሰው ስታገኝ ቁምና ሰላም በል፣ ሰላም ሲሉህ መልስ። ጌሙን ከፈትኩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ተገናኙ፣ ቆሙ፣ ሰላም ተባባሉ። አንደኛው መለሰ። መልሱ ራሱ ሰላምታ ነውና ሌላው ለመልሱ መለሰ። ሦስተኛ ሰው በዚያ ሲያልፍ እሱም ቆመ። ጥቂት ቆይቶ የአምቦ ገበያ በሙሉ ቆሞ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። የሚሄደው አህያው ብቻ ነው፤ እሱን ሰላምታ አላስተማርኩትም ነበር።

በቁጥር ልገድበው ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ተባብለው ድንገት ሲዞሩ የተጣሉ ይመስላሉ። ሰረዝኩት። የማቅረቢያው ቀን እየቀረበ መጣ።

በዚያው ሰሞን የባሌ እህት ከጸሎት ቤት በር ላይ ያዘችኝ። ባሌ ካረፈም በኋላ የባሌ እህት መሆኗን ያላቆመች ሴት ናት።

“በዚህ ዕድሜሽ ጌም ትማሪያለሽ አሉ?”

“አሉ።”

“አይ አንቺ! የመዘምራን ልብስ የሚሰፋ ጠፍቶ! ሰው ምን ይላል?”

“አንቺ ያልሽውን ይላላ” ብያት ሄድኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ተሳፋሪ እስኪሞላ ስጠብቅ የባሌ እህት በቢጫ ጥላዋ ሥር ብቅ አለች። እንዳታየኝ ጎንበስ አልኩ። አንድ የምታውቃቸው ሽማግሌ አገኘች።

“ኦቦ! አካም ቡልተን? ነጋዳ?” አለች፤ እንዴት አደሩ፣ ሰላም ነው ወይ ማለቷ ነው።

“ነጋ፣ ገለተ ዋቃ። ኢጆሌን ፈያ?” አሉ፤ ሰላም ነው፣ ለአምላክ ምስጋና፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው ማለታቸው ነው።

“ይመስገን! ልጅቷስ፣ ወለደች? ላሚቱስ?”

ይኼ እንግዲህ አያልቅም ብዬ በንዴት እግሯን አየሁ። እግሯ ሄዷል። አፏ እዚያው ነው፣ እግሯ ግን ቀስ እያለ ወደ ሽንኩርት ተራው ይሄዳል። የሽማግሌውም እግር ወደ መናኸሪያው። ጀርባ ለጀርባ ሆነውም “ነጋዳ?” “ነጋዳ!” ይባባላሉ። ሰላምታውን ያቆመ የለም። ርቀቱ ነው ቀስ በቀስ ያጠፋው። ማንም አልተቀየመም።

ከባጃጁ ወርጄ ቤቴ ገባሁ። ኮዱ ውስጥ አፍና እግርን አንድ ትእዛዝ ላይ አስሬያቸው ነበር። ለያየኋቸው። አፍ ሰላም እያለ እግር ይሂድ፤ መስማት እስከማይቻል ሲራራቁ አፍ በራሱ ይዘጋ። ገበያው ተንቀሳቀሰ። ለባሌ እህት ምስጋና አልላኩም። ጌሙ ውስጥ ግን አስገባኋት፤ ቢጫ ጥላ የያዘች፣ በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ የማትቀር ሴት አድርጌ።

በማቅረቢያው ቀን የወንዶቹ ጌም ቀደመ። አንዱ ሌላው ላይ ይተኩሳል። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። የእኔ ተራ ሲደርስ አስተማሪው እስክሪብቶውን ይዞ አጠገቤ ቆመ፤ ከኋላ የቡድኑ አለቃ “ሰላምታው ይጀመር!” አለ። ከፈታኞቹ አንዷ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ሴት ነበረች። ወንበር ስባ ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረች።

ባለጥላዋን ዝም ብላ አለፈቻት። ቅቤ ተራ ስትደርስ ሻጯ ጀርባዋን ሰጠቻት።

“እንዴ! ምን አደረግኳት?”

“ሰላም አላሏትማ!” አለ የቡድኑ አለቃ ሳያስበው። “ባለጥላዋን! ዘመዷ ትሆናለች!”

አውቶቡሱ ጥሏት ሄደ። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁ። አለቀ ብዬ ነበር።

“ቆይ፣ ደግሜ ልሞክር” አለች ፈታኟ።

ልጆቹ ከየመቀመጫቸው ተነስተው ከኋላዋ ቆሙ። “እየሄዱ! እየሄዱ ሰላም ይበሏት!” ይላሉ። ከባለጥላዋ ጋር ሰላም እየተባባለች ሸሸች፣ ቅቤውን ገዛች፣ የአውቶቡሱ በር ሊዘጋ ሲል ዘላ ገባች። የባለጥላዋ “ነጋዳ?” ከሩቅ ይሰማል። “ደረስኩ!” ብላ ፈታኟ ጠረጴዛውን መታች። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሳ ስሜን እስከ አያቴ ጮክ ብላ አነበበችው። በጉልህ ነበር የጻፍኩት።

አለፍኩ። 

አስተማሪው ኮሪደር ላይ ደረሰብኝ። “አዴ፣ ኮርተንብዎታል። ከስምዎ ሥር ‘በመምህሩ መሪነት’ የሚል ይግባ፤ ደንቡ ነው።”

“ደንቡን ያሳዩኝና አስገባለሁ፣ መምህር።”

እስካሁን አላሳየኝም። ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ግን ጌሜን ከፍቶ ያሳያቸዋል አሉ፤ ሁለት ሴት ልጆችም ለብቻችን እንሠራለን ብለው ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ስለ አፍና እግር ነገርኳቸው።

የባሌ እህትም ወሬው ደርሷት መጣች። ስልክ ላይ ከፈትኩላት። ባለጥላዋን ስታይ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ስትጫወት ቆይታ ደጋግማ አውቶቡሱ ካመለጣት በኋላ ስልኩን መለሰችልኝ።

“ጥላዬ ቢጫ አይደለም” አለች፤ “ወርቃማ ነው። አስተካክዪው።”

“አየዋለሁ” አልኳት።

ከወንበሯ ተነስታ ስለ ልጆቼ ጤና እየጠየቀች ወጣች፤ እኔም ከበሩ ላይ እየመለስኩ ሸኘኋት፤ ድምፅዋ ከአጥሩ ወዲያ እስኪጠፋ። ጥላው አሁንም ቢጫ ነው።